ተራው ይጠበቅለታል

የመርካቶ ጫኞች አለቃ ጋሽ ወልዴ ስልክ ላይ ቀስ ብለው ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከመኪና ጡሩምባ ጋር ሲፎካከሩ የኖሩ ሰው ስለሆኑ፣ ሲደውሉልኝ ስልኩን ከጆሮዬ አርቄ ነው የማዳምጣቸው። የዚያን ዕለት ጠዋት ግን ድምፃቸው አልሰማ ብሎኝ «ሃሎ፣ ሃሎ» ስል ቆየሁ። በመጨረሻ «ሰናይት፣ አስተማሪያችን አረፉ» አሉኝ። ማን ብዬ አልጠየቅኩም። እሳቸው በሚሠሩበት ሕንፃ ውስጥ አስተማሪ የሚባል ሰው አንድ ብቻ ነው።

እትዬ አስካለ ፓይተን የሚባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ አስተምረውኛል። ይህን ለማያውቃቸው ሰው ስናገር መጀመሪያ ይስቃል፣ ቀጥሎ «የምርሽን ነው?» ይለኛል። አልፈርድበትም። ከሰባተኛ ወደ ምን አለሽ ተራ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከታች ጨርቅና ጫማ የሚቸበቸብበት፣ ከኋላው የብረት ቀጥቃጮች መዶሻ ቀኑን ሙሉ የሚያስተጋባበት አንድ ሕንፃ አለ። እዚያ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ነጠላቸውን ያጣፉ፣ መነጽራቸውን በጥቁር ክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ የስድሳ ምናምን ዓመት ሴት ቆመው ፕሮግራም መጻፍ ያስተምራሉ ቢባል ማን ያምናል? እኔም ባላየው አላምንም ነበር።

በሰፈሩ የታወቁት በሌላ ሙያ ነው። ከወጣትነታቸው ጀምሮ እዚያው ክፍል ውስጥ ታይፕ ሲያስተምሩ ኖረዋል። ተማሪው ፊደሉን እያየ እንዳይመታ እጁ ላይ ፎጣ ጣል የሚያደርጉበት እሳቸው ናቸው። የመርካቶ ትልልቅ ሰዎች ዛሬም ሲያገኟቸው እጃቸውን ወደ ኋላ የሚደብቁት በዚያ ፎጣ ትዝታ ይመስለኛል። ታይፕ ሲቀር ኮምፒውተር ገዙ፤ ደብዳቤ አጻጻፍና ሠንጠረዥ አሠራር ማስተማር ጀመሩ። ሰው ሁሉ የልቡን በስልኩ መሥራት ሲጀምር ያም ቀረና ክፍሉ ባዶውን ዋለ።

መርካቶ ውስጥ ባዶ ክፍል ማየት የሚያሳምማቸው ሰዎች አሉ። የሕንፃው ባለቤት ሐጂ ሙዘይን አንዱ ነበሩ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ግን የጫማ ካርቶን ኮሪደሩን ዘግቶ እያዩ ባዶ ወንበሮች ክፍል ይዘው ሲቀመጡ መታገሥ አቃታቸው። «ወይዘሮ አስካለ፣ እስከ ዕንቁጣጣሽ ነው። ከዚያ በኋላ መጋዘን አደርገዋለሁ» አሏቸው።

እትዬ አስካለ ልጅ አልወለዱም። ከእህታቸው ጋር አብነት አካባቢ ነው የሚኖሩት። «እዚህ ክፍል ውስጥ ነው ያረጀሁት፤ ከወሰዱብኝ ከእህቴ ጎን ተቀምጬ የቱርክ ድራማ ሳይ ነው የምሞተው» ይሉ ነበር። ሰው ይስቅላቸዋል፤ እሳቸው ግን እየቀለዱ አልነበረም። ክፍሉ ከተወሰደ ጠዋት ተነሥተው የሚሄዱበት ቦታ የላቸውም።

በዚህ መካከል ነው ከታች ጫማ የሚሸጠው ከድር አንድ ቀን ብቅ ብሎ «እትዬ፣ ፓይተን ያስተምራሉ እንዴ?» ያላቸው። ከድር አፉ የማያርፍ ልጅ ነው፤ ስልኩ ላይ አንድ ቪዲዮ አይቶ ልቡ ተነሥቶ ነበር።

«እንዴታ!» አሉት።

ወዲያው ጥቁር ሰሌዳው ላይ «ፓይተን፤ ከሰኞ ጀምሮ» ብለው ጻፉ። ፓይተን ምን እንደሆነ አያውቁም ነበር። ኋላ ሲነግሩኝ፣ አዲስ የመጣ የማተሚያ ማሽን ዓይነት መስሏቸው ነበር። «ማሽን ከሆነ ደግሞ ምን ያስፈራኛል?» አሉኝ።

የተመዘገብነው ከአክስቴ የጨርቅ ሱቅ እየወጣሁ የምመጣው እኔ፣ ከድርና ከየሱቁ የተሰበሰቡ ጥቂት ሰዎች ነበርን። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ካለፉ በኋላ ምስጢራቸው ገባን። እትዬ አስካለ ከእኛ የሚበልጡት በአንድ ትምህርት ብቻ ነው። እኛ ሱቅ ስንውል እሳቸው በባዶው ክፍል ተቀምጠው ከስልካቸው ላይ ያጠናሉ፤ እኛ ስንመጣ ያጠኑትን ያስተምሩናል። ከዚያ አልፈን ከጠየቅናቸው ደግሞ መልሳቸው አንድ ነው።

«ያ የነገ ትምህርት ነው።»

ይህን ሲሉ ፍጹም አይደነግጡም። አገጫቸውን ቀና አድርገው፣ የነገው ትምህርት መሳቢያቸው ውስጥ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ አስመስለው ነው። ከድር ሆን ብሎ ከባድ ጥያቄ ከኢንተርኔት እየፈለገ ያመጣ ነበር። «ያ የነገ ነው» ይሉታል። የሚገርመው፣ በነጋታው መልሱን ይዘው ይመጣሉ። አንዳንዴ ዓይናቸው ቀልቶ ይመጡ ነበር፤ መልሱ ግን አይቀርም። እኔ ከዚያ በኋላ ብዙ የተማሩ አስተማሪዎች አጋጥመውኛል፤ አላውቅም ማለትን እንደ እሳቸው አሳምሮ የሚችልበት ግን አላየሁም።

አስተማማራቸው የራሳቸው ነበር። ከምን አለሽ ተራ ባዶ ጣሳዎች አምጥተው ጠረጴዛ ላይ ደረደሩ። በእያንዳንዱ ጣሳ ላይ ፕላስተር ለጥፈው ስም ጻፉበት። አንዱን ጣሳ አነሡና ቁልፍ ከተቱበት። ቀጥለው ቁልፉን አውጥተው ማበጠሪያ ከተቱበት።

«አሁን ውስጡ ምን አለ?»

«ማበጠሪያ።»

«ቁልፉስ?»

«ወጥቷል።»

«በቃ፣ ቫሪያብል ማለት ይኸው ነው። ስሙ ጣሳው ላይ ይቀራል፤ ውስጡ ያለው ይለዋወጣል። ትናንት ውስጥህ ምን ነበር ብትሉት አያስታውስም። ወደ ቀጣዩ!»

ፓይተን ስማችንን በአማርኛ ፊደል እንደሚቀበል ያወቁ ቀን ደግሞ ደስታቸው ለከት አልነበረውም። ፕሮግራሙ ውስጥ «ጣሳ» ብለው ጻፉ፤ ሠራ። «ማበጠሪያ» ብለው ጻፉ፤ ሠራ። ኮሪደሩ ላይ ወጥተው ያገኙትን ሰው እየጎተቱ ሲያሳዩ ዋሉ። ያን ቀን ምንም አልተማርንም።

ስህተት ሠርተን ማሽኑ በቀይ ጽሕፈት ሲሞላብን እኛ እንርበተበታለን። እሳቸው ከኋላ ይመጡና «ስድብ መሰለሽ? ምክር ነው። ከታች መጨረሻውን መስመር አንብቢ» ይላሉ። መጨረሻውን መስመር ስናነብ ብዙ ጊዜ ችግራችን እዚያ ተጽፎ እናገኘዋለን። «እኔኮ ትክክል ነው የጻፍኩት!» ብለን ከተከራከርን ደግሞ ሌላው አባባላቸው ይመጣል። «ያልሽውን ነው የሠራልሽ። ያሰብሽውን ከፈለግሽ፣ ያሰብሽውን ንገሪው።»

አንድ ነገር ላይ ግን ማንም አይደርስባቸውም ነበር። ፓይተን ውስጥ አንዳንዱ መስመር ከዳር ገባ ብሎ መጻፍ አለበት፤ አራት ባዶ ቦታ። እኛ አንዴ ሦስት፣ አንዴ አምስት እያደረግን ስንሳሳት፣ የታይፕ አስተማሪዋ አውራ ጣታቸውን ሳያዩ አራት ጊዜ ነክተው ያልፋሉ። ክፍተት የእሳቸው ሙያ ነው። ሐሳብ ሲገባቸውም አውራ ጣታቸው ራሱ ይሠራል፤ ጠረጴዛ ላይ፣ ጉልበታቸው ላይ፣ ታክሲ ውስጥ የቦርሳቸው ጫፍ ላይ፤ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። ያኔ ዝም ማለት ነው እንጂ ማነጋገር አይቻልም።

ክረምቱ ገባ፤ ዕንቁጣጣሽም እየቀረበ መጣ። ሐጂ ሙዘይን በር ላይ ብቅ እያሉ ግድግዳውን በዓይናቸው መለካት ጀመሩ።

አንድ ጠዋት ከሕንፃው ጓሮ በር ላይ ጠብ ተነሣ። ጠቡ አዲስ አይደለም፤ ጫኝና አውራጆቹ በየቀኑ የሚጣሉት ነው። አይሱዙ ሲመጣ ተረኛው ይጠራል፤ ተረኛው ማነው በሚለው ግን አይስማሙም። አለቃቸው ጋሽ ወልዴ ናቸው፤ በልጅነታቸው ከጉራጌ አገር መጥተው በዚያው በር ላይ የሸበቱ፣ የታጠፈ ጆንያ ከትከሻቸው የማይለይ ሰው። ተራውን በቃላቸው ነው የሚይዙት። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ሁሉም በአንድ ላይ ይጮህባቸዋል፤ እሳቸውም በሁሉም ላይ ይጮሃሉ። ያን ቀን ጩኸቱ ስለበዛ እትዬ አስካለ ትምህርት አቋርጠው ወደ ታች ወረዱ። ትንሽ ቆይተው ተመለሱና ሰሌዳውን አጸዱ።

«ትናንት ሊስት የሚባለውን ዝርዝር አልተማርንም? ይኸው ሊስት! ከፊት ይወጣል፣ ሠርቶ ሲመለስ ከኋላ ይገባል።»

በዚያው ወደ ሐጂ ሄዱ። እኔም ተከትያቸው ነበር።

«ሐጂ፣ ያንን ጠብ የሚያስቆም ነገር ብሠራልዎትስ?»

ሐጂ መቁጠሪያቸውን ያዝ አደረጉ። «ጠቡ ከቆመ ክፍሉ የእርስዎ ነው። ካልቆመ ግን ዕንቁጣጣሽን አልጠብቅም።»

ስንወጣ «ሐጂ እኮ አምርረዋል፤ እንችለዋለን?» አልኳቸው። አውራ ጣታቸው ነጠላቸው ላይ እየሠራ ነበር።

ፕሮግራሙን ከድርና እኔ ጻፍነው፤ እሳቸው ከኋላ ቆመው ክፍተታችንን ያርሙ ነበር። ሊስቱን «ተራ» አልነው። አንዱን ኮምፒውተር አውርደን ዘበኛው ቤት ውስጥ፣ ስክሪኑን ወደ በሩ አዙረን አስቀመጥነው። መኪና ሲመጣ ዘበኛው አንድ ቁልፍ ይጫናል፤ የተረኛው ስም በትልቁ ይወጣል። ለክብር ብለን ጋሽ ወልዴን ከሁሉም ፊት አደረግናቸው፤ ሽማግሌ ከፊት ይቀመጣል።

የመጀመሪያው ጠዋት ሰላም ነበር። ስም ይወጣል፣ የተጠራው ይሄዳል፣ የሚጮህ የለም። ሐጂ ከሰገነቱ ላይ ሆነው እያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ። ምሳ ሰዓት ላይ ከድር ጋሽ ወልዴን ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ ጆንያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጥፈው አገኛቸው።

«ጋሽ ወልዴ፣ ዛሬ ሥራ የለም እንዴ? ጆንያው ተጣጥፎ ተቀምጧል።»

«እኔን መቼ ጠራኝ!» አሉ። «ማሽኑም ሽማግሌ ነህ ብሎ ናቀኝ።»

ፕሮግራሙ ሊስቱን ከአንድ ጀምሮ እንዲቆጥር አድርገነው ነበር። ፓይተን ደግሞ መቁጠር የሚጀምረው ከዜሮ ነው። ዜሮ ላይ ያሉት ጋሽ ወልዴ ጠዋቱን ሙሉ ሲታለፉ ኖረዋል፤ ለመጠየቅ ደግሞ ኩራታቸው አልፈቀደም። እትዬ አስካለ ይህን ሲሰሙ ጋሽ ወልዴን በእጃቸው ይዘው ወደ ደረጃው ወሰዷቸው።

«አንደኛ ፎቅ የቱ ነው?»

«ከላይ ያለው ነዋ።»

«እኛ የቆምንበትስ?»

«ይሄማ ምድር ነው። ፎቅ አይባልም።»

«ከፎቆቹ ሁሉ ፊት ያለው ግን ይሄ ነው አይደል? ያለ እሱ ሕንፃው ይቆማል?»

ጋሽ ወልዴ ትንሽ አሰቡ። «እንግዲህ እኔን ምድር ቤት አድርጋችሁኛል ማለት ነው» አሉ፤ ቅር እንዳላቸው ግን አልቆዩም። ከዚያ ቀን በኋላ ማን ነዎት ሲባሉ «ዜሮ ነኝ» እያሉ በኩራት መመለስ ጀመሩ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ከጥቂት ቀናት በኋላ ታደለ የሚባል አንዱ ጫኝ አክስቱ ሞቱበትና ለቅሶ ወጣ። ማሽኑ ስሙን ጠራ፤ ታደለ የለም። ዘበኛው እንደገና ሲጫን፣ እኛ በነገርነው መሠረት ቀጣዩን ጠራና ታደለን ከሰልፉ መጨረሻ አሰለፈው። ታደለ ከለቅሶ ሲመለስ ስሙን ከሁሉም ኋላ አገኘው።

ጉድ ፈላ። በእነሱ ዘንድ ለቅሶ የሄደ ሰው ተራው አይነካም። ባለበት ይቆየዋል፤ ሲመለስ የመጀመሪያው መኪና የእሱ ነው። ይህ መቼም ተጽፎ አያውቅም፤ ሁሉም ስለሚያውቀው ለእኛ የነገረን ሰው አልነበረም። ታደለ ሐዘኑ ገና ፊቱ ላይ ነው፤ ጓደኞቹም ከእሱ ይልቅ ተቆጥተው ነበር።

«ለቅሶ የማያውቅ ማሽን ነው እንዴ በላያችን ያስቀመጣችሁት?» ብለው መስመሩን ከሶኬቱ ነቀሉት። ጭነት ቆመ። አይሱዙዎቹ አንዱ ከአንዱ ኋላ ተደርድረው መንገዱን እስከ ሰባተኛ ዘጉት፤ የጡሩምባው ጩኸት ለጉድ ነው።

ሐጂ ሙዘይን ደረጃውን እያለከለኩ ወጥተው ክፍላችን በር ላይ ቆሙ። «ወይዘሮ አስካለ፣ ጠቡ ባሰ እንጂ አልቀነሰም። ቁልፉን ነገ ጠዋት እቀበላለሁ» አሉና ወረዱ።

የእትዬ አስካለ አውራ ጣት ጠረጴዛው ላይ ሊሠራ ሞከረና አቆመ። ክፍሉን ዞር ብለው አዩት፤ ወንበሮቹን፣ ጣሳዎቹን፣ ከጥግ ተከድኖ የተቀመጠውን አሮጌ የጽሕፈት መኪና። አንጀቴን በሉት። የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር።

«ማሽኑ ጥፋት የለበትም» አሉ በመጨረሻ። «ያልነውን ነው የሠራው። ለቅሶን ማን ነገረው? ጋሽ ወልዴን ጥሩልኝ።»

ያ ከሰዓት በሕይወቴ እጅግ ከሳቅኩባቸው ቀናት አንዱ ነው ብል ማን ያምነኛል? እትዬ አስካለ ጠመኔ ይዘው ሰሌዳው ፊት ቆሙ፤ ጋሽ ወልዴ ጆንያቸውን ወንበሩ ላይ አንጥፈው ተቀመጡ።

«እሺ፣ ጋሼ፣ ለቅሶ የሚባለው የማን ነው? የእናትና የአባት?»

«የሁሉም ነው።»

«የሁሉም አይባልም። ማሽኑ በየተራ ነው የሚገባው። የጎረቤትስ?»

«ጎረቤት ቀብር ይደርሳል። ከቀብር መልስ ይሠራል።»

«የሚስት ወንድም?»

«እንደ ሚስቱ ነዋ!»

ከድር በሳቅ ወንበሩ ላይ ተንከባለለ። ጋሽ ወልዴ ግን ከልባቸው ነው። «ተው ልጄ፣ የምትቆጣ ሚስት ያለችው ሰው እስከ ሣልስት ነው። ደግሞ እዚህ እናቱን ሁለት ጊዜ የቀበረ ሰው አለ፤ ስሙን አልጠራም። እሱን ማሽኑ ይወቅልኝ።»

«እሱን እርስዎ ይወቁልን» አሉ እትዬ አስካለ። ነገሩን ያቃለለው ይኸው ሆነ። ለቅሶው እውነተኛ መሆን አለመሆኑን የሚለየው ማሽኑ ሳይሆን ጋሽ ወልዴ ይሆናሉ። ጠዋት ጠዋት ለቅሶ ላይ ያለውን ሰው ስም ያስገባሉ፤ ማሽኑም ያ ስም ሲደርስ ከቦታው ሳያነቃንቀው አልፎ ቀጣዩን ይፈልጋል፤ ሊስቱ ካለቀም ከፊት ይጀምራል። ኢፍ የሚባለውን፣ «እንዲህ ከሆነ እንዲህ አድርግ» የሚለውን ትምህርት የተማርነው ያን ቀን ነው። በእርግጥ የነገ ትምህርት ነበር፤ እሳቸው አንድ ቀን አስቀደሙት።

ለቅሶ ላይ ያለ ሰው ስም ሲደርስ ስክሪኑ ምን ይበል የሚለው ቀረ። እኔ «ታልፏል» ብዬ ጻፍኩ። እትዬ አስካለ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት።

«አጥፊው።»

«ምን አለበት? ማለፉን ካወቀ ይበቃል እኮ።»

«የሚያነበው ሰው ነው። እናቱ የሞተችበትን ሰው ታልፏል ትይዋለሽ?» ወንበሬን ያዝ አድርገው አስነሡኝና ራሳቸው ተቀመጡ። አራት ጊዜ በአውራ ጣት፤ ከዚያ እጃቸውን ሳያዩ ጻፉ። «ለቅሶ ላይ ነው፤ ተራው ይጠበቅለታል።»

እኔ ደግሞ ነገር መቆስቆስ ልማዴ ነው። «እትዬ፣ ሁሉም ለቅሶ ላይ ቢሆኑስ? ፕሮግራሙ ለቅሶ ያልሄደ ሰው ፍለጋ ሲዞር ይኖራል እኮ። ማቆሚያ የለውም።»

እትዬ አስካለ ከልባቸው ሳቁ። «ሁሉም በአንድ ቀን የሚያለቅሱለት ሰው እዚህ ሰፈር የታለ? ያ የነገ ትምህርት ነው። እንዲህ ዓይነት ሰው ሲሞት ያኔ ታስተካክይዋለሽ።»

በማግሥቱ ሐጂ ቁልፉን ሊቀበሉ ሲመጡ ማሽኑ ተመልሶ ተከፍቶ፣ ሰው ሁሉ ዘበኛው ቤት ደጃፍ ተሰብስቦ ነበር። ከጫኞቹ አንዱ አማቱ ሞተውበት ለቅሶ ወጥቷል። መኪና መጣ፤ ዘበኛው የማሽኑን ቁልፍ ተጫነ። መጀመሪያ የሰውየው ስም ወጣ፤ ከሥሩ «ለቅሶ ላይ ነው፤ ተራው ይጠበቅለታል» የሚለው ተከተለ፤ ቀጥሎ የታደለ ስም መጣ። ማንበብ የሚችሉት ለማይችሉት አነበቡላቸው። አንዳንዶቹ ስልካቸውን አውጥተው ፎቶ አነሡት። የጮኸ ሰው የለም። ታደለ ጆንያውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወደ መኪናው ሄደ።

ሐጂ ጽሑፉን ቀረብ ብለው አነበቡ። «ይሄን ማን ጻፈው?»

«ማሽኑ ነዋ፣ ሐጂ» አለ ከድር።

«ማሽን እንዲህ አይናገርም» አሉና ወደ ላይ፣ ወደ ሁለተኛው ፎቅ ቀና ብለው አዩ። ስለ ቁልፉ ዳግም አላነሡም። ለዕንቁጣጣሽ ለክፍሉ አዲስ አምፖሎች ልከው አስገጠሙ።

ከዚያ በኋላ ክፍሉ ሞልቶ ነው የኖረው። እኔ ተምሬ ወጥቼ ሥራ ይዣለሁ፤ ዛሬም የምበላው ከዚያ ክፍል በተማርኩት ነው። እትዬ አስካለ አዲስ ነገር ሲያጋጥማቸው ስልክ እየደወሉ ይጠይቁኝ ነበር፤ እንደማላውቅ ሲያውቁ ደግሞ ደስ ይላቸዋል። «አየሽ፣ ለአንቺም የነገ ትምህርት አለሽ!» ይላሉ። ባለፈው ክረምት መታመማቸውን ሰምቼ ልጠይቃቸው ብሄድ ጋቢ ለብሰው አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ እህታቸው ቴሌቪዥን እያዩ ነው። «ይኸው፣ ያልኩሽ ደረሰ፤ የቱርክ ድራማ» አሉኝና ጠቀሱኝ። እጃቸው ጋቢው ላይ ነበር። አውራ ጣታቸው ይሠራል።

የቀብራቸው ዕለት አስከሬኑን መኪና እንዲወስደው ቤተ ዘመድ ተስማምቶ ነበር። ጫኞቹ እምቢ አሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ዕቃ ሲሸከሙ የኖሩ ሰዎች የራሳቸውን ሰው ለመኪና አንሰጥም አሉ። ጋሽ ወልዴ ጆንያቸውን ትተው ነጠላ ለብሰው መጡና ከፊት ቆሙ። «ዜሮ እኔ ነኝ» አሉ፤ ማንም አልሳቀም። ከዚያ ማንም ሳይጠራቸው በየተራ እየተቀባበሉ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ወሰዷቸው። ሐጂ ሙዘይንና ከድር አጥሩ ሥር ቆመው እስኪያልቅ ጠበቁ። ከድር እንደ ሕፃን ነው ያለቀሰው። እኔም አልቅሻለሁ፤ ለምን እደብቃለሁ።

ከቀብር ስንመለስ በጓሮው በር ገባን። አንድ አይሱዙ ሞተሩን አጥፍቶ ቆሟል፤ ሹፌሩ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ስክሪኑን ያያል። ዘበኛው በድንጋጤ ወደ እኔ መጣ።

«እህቴ፣ ሳላበላሸው አልቀርም። መኪና መጣ ብዬ ተጫንኩት፤ ይኸው አላቆም አለ።»

ጋሽ ወልዴ ጠዋት ወደ ለቅሶው ከመሄዳቸው በፊት ሥራቸውን በታማኝነት ሠርተው ነበር። ለቅሶ የሚሄደውን ሁሉ አስገብተዋል፤ ከራሳቸው ጀምሮ አንድም ሰው አላስቀሩም። ስክሪኑ ላይ ስሞቹ ከታች ወደ ላይ ይሮጣሉ። ወልዴ፣ ለቅሶ ላይ ነው፤ ተራው ይጠበቅለታል። ታደለ፣ ለቅሶ ላይ ነው፤ ተራው ይጠበቅለታል። ሊስቱ ያልቃል፣ ከፊት ይጀምራል። ጫኞቹ አንድ በአንድ እየመጡ ከኋላዬ ቆሙ። እኔ የእትዬ አስካለ ሳቅ ነበር የሚሰማኝ።

«ተበላሸ?» አሉኝ ጋሽ ወልዴ።

«አልተበላሸም። አንድ ያልተማረው ነገር አለ።»

ዘበኛው ወንበሩን ለቀቀልኝ። ፕሮግራሙን አቆምኩትና ከፈትኩት። ሁሉም ለቅሶ ላይ ከሆኑ የሚል አዲስ መስመር ጨመርኩ። ከሥሩ የሚወጣው ቃል ላይ ስደርስ እጄ ቆመ።

«ጋሽ ወልዴ፣ ሁሉም ለቅሶ ላይ ከሆነ ምን ይበል?»

ሹፌሩን አዩት፣ ከኋላ የቆሙትን ሰዎች አዩ፣ ከዚያ ወደ ሁለተኛው ፎቅ ቀና አሉ።

«ነገ ኑ ይበል» አሉኝ።

በአውራ ጣቴ አራት ጊዜ ነክቼ ጻፍኩት።